«ባልቻ ጋ» ስንል የምንዘለው ቃል፦ ደጃዝማች ማን ነበር?

ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ወይም በባቡርም በታክሲም በዚያ የምታልፉ፣ «ባልቻ» የሚለውን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰሙት አስቡት። ቀጠሮ ባልቻ ጋ፣ ፋርማሲ ባልቻ ጋ፣ ታማሚ ጥየቃ ባልቻ። ሆስፒታሉ ግን ሙሉ ስሙ ደጃዝማች ባልቻ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ፊት ያለችው ቃል በአፋችን ላይ ወድቃ ቀርታለች።

ደጃዝማች ምንድነው? ስም ነው? የአባት ስም ነው? ወታደራዊ ማዕረግ ነው? እንግሊዞች «ዱክ» ከሚሉት ጋርስ አንድ ነው? ዛሬ ይህቺን አንዲት ቃል ይዘን እንቆያለን። ከየት መጣች፣ እነማን ተሾሙባት፣ እንዴትስ ጠፋች?

ቃሉ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው

ደጃዝማች ሁለት ቃል ነው፤ ደጅ እና አዝማች። አዝማች ጦር የሚያዘምት፣ የሚመራ ማለት ነው። ደጁ ደግሞ የንጉሡ ድንኳን ደጅ ነው። በድሮ ዘመን ነገሥታቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ከተማ ላይ አይቀመጡም ነበር፤ ከነሠራዊታቸው እየተጓዙ በድንኳን ይሰፍራሉ። ስለዚህ ማዕረጎቹ የጦር ሰፈር ካርታ ናቸው ማለት ይቻላል።

ራስ ማለት ቃል በቃል ጭንቅላት፣ የሁሉ የበላይ ነው። ደጃዝማች የንጉሡን ደጅ የሚጠብቀውን፣ የመሐሉን ጦር ይመራል። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመውን ጦር ይዞ ይሄዳል። ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ያዝዛሉ። ባላምባራስ የአምባ አለቃ ነው።

ደረጃቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ራስ ላይ፣ ቀጥሎ ደጃዝማች፣ ከዚያ ፊታውራሪ እያለ ይወርዳል። ጊዜ ሲሄድ ግን ማዕረጉ ከጦር ሜዳ ወደ አስተዳደርም ገባ። ደጃዝማች የተባለ ሰው አገር ይሰጠዋል፤ ግብር ይሰበስባል፣ ይፈርዳል፣ አዋጅ ሲነገር ጦሩን ይዞ ይከታል። በንግግር «ደጃች» እየተባለ ያጠረውም ይኸው ቃል ነው። ፒያሳ ያለው ደጃች ውቤ ሰፈር ትዝ አላችሁ? ሰፈሩ የተሰየመው በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው፤ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩ ሰው ናቸው።

የእንግሊዙ ካርታ አለው፣ የእኛው የቀበሌ ቤት ነው

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት እንምጣ። እንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የዱክ ማዕረግ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1337 ነው፤ የኮርንዎል ዱክ ይባላል። የኖርፎክ ዱክነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1483 ተፈጥሮ፣ በመሐል ተነጥቆና ተመልሶ፣ ዛሬ 18ኛው ባለማዕረግ ላይ ደርሷል። አባት ሲሞት የበኩር ልጅ ይረከባል። ማዕረጉ ከነርስቱ የቤተሰብ ንብረት ነው። እነዚህ ወራሾች ፓርላማ ውስጥ ሳይመረጡ የመቀመጥ መብት ነበራቸው፤ አብዛኞቹ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ያኔም 92ቱ እንዲቆዩ ተደረገ።

የእኛ ደጃዝማችነት እንደዚህ አልነበረም። የደጃዝማች ልጅ ደጃዝማች ሆኖ አይወለድም። ከትልቅ ቤት ከሆነ «ልጅ እገሌ» ይባላል፣ በር ይከፈትለታል፣ ቶሎ የመሾም ዕድሉም ሰፊ ነው። ማዕረጉን የሚሰጠው ግን ንጉሡ ነው፤ የሚነሳውም ንጉሡ ነው። እንደ ዋግ ያሉ አካባቢዎች ላይ ዋግሹምነት በዘር የሚወርድ ሹመት ነበር፤ ደጃዝማችነት ግን እዚያ ውስጥ አይገባም።

ለልደታ ሰው በሚገባ ቋንቋ እንንገራችሁ፦ የእንግሊዙ ማዕረግ ካርታ ያለው ቤት ነው፣ ይወረሳል። የእኛው የቀበሌ ቤት ነው። ትኖርበታለህ፣ ትከበርበታለህ፣ «ልቀቅ» የተባልክ ቀን ትለቃለህ። ለዚህም ነው ሹም ሽር የሚለው ቃል እስካሁን በአፋችን ያለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ከዚሁ ሥርዓት የወጣ ነው። ነገ የእኔ ላይሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሹም፣ ዛሬ ከገበሬው የሚችለውን ያህል ይወስዳል።

በነገራችን ላይ እንግሊዞችም አንዳንዴ ወደ እኛው ይጠጋሉ። ንጉሥ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ2023 የኤደንብራ ዱክነትን ለወንድማቸው ለኤድዋርድ ሲሰጡ፣ ለልጅ እንዳይተላለፍ፣ በሕይወት ዘመናቸው ብቻ ብለው ነው የሰጡት። በተቃራኒው አፄ ኃይለ ሥላሴ ለልጃቸው ለልዑል መኮንን የሰጡት «መስፍነ ሐረር» የሚለው ማዕረግ የአውሮፓውን ዱክ የሚመስል ነበር።

ከደጃዝማችነት እስከ ዘውድ

በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ላይ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ይዘው እንደ ንጉሥ ይገዙ ነበር። ደረስጌ ላይ ያሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሊነግሡበት ያሰቡት እንደነበር ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደረስጌ ላይ ተሸነፉ። ያሸነፏቸው ካሳ ኃይሉ፣ እዚያው ደረስጌ ማርያም አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ካሳም ቀደም ሲል ደጃዝማች ተብለው ነበር።

አፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ደጃዝማች ካሳ ነበሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1898 ዓ.ም. አባታቸው ራስ መኮንን ደጃዝማች ሲያሰኟቸው የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። አዎ፣ 13። የትልቅ ቤት ልጅ መሆን ምን ያህል መንገድ እንደሚያሳጥር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ባልቻ፦ ከሜዳ ላይ የተነሳው ልጅ

የባልቻ መንገድ ግን ሌላ ነበር። ባልቻ ሳፎ የመኳንንት ልጅ አይደሉም። በልጅነታቸው በጦርነት ቆስለው ሜዳ ላይ ተገኝተው፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ማደጋቸው ይነገራል። አድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ገና ደጃዝማች አልነበሩም፤ በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ። በጅሮንድ የግምጃ ቤት ኃላፊ ማለት ነው። ስማቸው የገነነው ግን በመድፍ ነው። «አባ ነፍሶ» የፈረስ ስማቸው ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እንደሚባሉት ማለት ነው።

ከአድዋ በኋላ ደጃዝማች ተባሉ፤ በተለያየ ጊዜም ሲዳሞንና ሐረርን ገዙ። እዚህ ላይ ግን ታሪኩን ግማሹን ብቻ መንገር አንፈልግም። በደቡብ የነበረው የገባር ሥርዓት ገበሬውን ለወታደሩ እንደ ደሞዝ የሚያከፋፍል ነበር። የአንድ ደጃዝማች ጦር የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ የሚታጠቀው ከገባሩ ጉልበትና እህል ነው። በአድዋ ጀግና የተባለ ስም፣ በሲዳሞ ገባር ቤት ሌላ ትዝታ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው።

1920 ዓ.ም. ላይ የቀበሌ ቤቱ «ልቀቅ» መጣ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሥልጣኑን ወደ መሐል እየሰበሰቡ ነበር፤ ባልቻ ደግሞ ለንግሥት ዘውዲቱ ታማኝ የሆኑ፣ ለተፈሪ በቀላሉ የማይታዘዙ የድሮ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሲጠሩ ብዙ ሺህ ጦር ይዘው መጥተው ከከተማው ዳር ሰፈሩ። ተፈሪ በክብር ግብር ጋበዟቸው። ባልቻ ከጥቂት መቶ ታጣቂ ጋር ግብዣው ላይ ሳሉ፣ ራስ ካሳ ወደ ሰፈሩ ሄደው ጦሩን በገንዘብ አባብለው በተኑት። በሲዳሞም ላይ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሾሙበት። ባልቻ ከግብዣ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር።

አንድ ጥይት ሳይተኮስ አለቀ። ጦሩም ግዛቱም ከእጃቸው ወጣ። ታሰሩ፣ በኋላም ገዳም ገቡ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዛሬ በስማቸው ሆስፒታል ባልኖረ። ጣሊያን ሲመጣ ግን ሽማግሌው ባልቻ ከገዳም ወጡ። ግዛታቸውን የወሰደባቸውን መንግሥት ቂም ይዘው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። በ1929 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ከነፃነት በኋላ የሶቪየት ቀይ መስቀል ያቋቋመው፣ የቀድሞ ሰዎች የሩሲያ ሆስፒታል የሚሉት ቦታ ነው ዛሬ ስማቸውን የያዘው።

ከልደታ ትንሽ ከፍ ሲል

ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት ስትወጡ ሌላ ደጃዝማች አለ። በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር። በጎጃም 5 ዓመት ጣሊያንን ያስጨነቁ አርበኛ። ከነፃነት በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ደጃዝማች ብለው ሾሟቸው። ከመንግሥቱ ጋር ተጋጩ፤ ተያዙ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አደባባይ በስቅላት ተገደሉ። ሿሚውም፣ ፍርዱን ያጸናውም አንድ ዙፋን ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ በስማቸው መንገድና ትምህርት ቤት አለ።

ሊሴ ገብረ ማርያም የምንለው ትምህርት ቤትም በደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ የተሰየመ ነው። እሳቸውም በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጎጌቲ ላይ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ናቸው። መርካቶ በኩል ያለው ዑመር ሰመተር ትምህርት ቤትም በኦጋዴን ከጣሊያን ጋር በተዋጉት ሶማሊያዊ ደጃዝማች ስም ነው የሚጠራው። ማዕረጉ ከአንድ ብሔር ወይም ከአንድ ሃይማኖት ሰው ጋር ብቻ የተያያዘ እንዳልነበረ ልብ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር፦ ማዕረግና ሥልጣን ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆነው፣ ብዙ ራሶች የሚፈሯቸው ሰው ነበሩ። እስከ ሞቱበት እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ግን ማዕረጋቸው ያው ፊታውራሪ ነበር።

እንዴት ጠፋ?

በ1967 ዓ.ም.፣ በአንድ ዓመት ውስጥ። ኅዳር 14 ቀን ደርግ 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ከመካከላቸው ራሶችም ደጃዝማቾችም ነበሩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ማዕረጉ የቆመበት መሬት ከሥሩ ተነሳ። መጋቢት ላይ ዘውዱም ከነማዕረጎቹ በአዋጅ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ደጃዝማች የሚባል ሰው አልተሾመም።

ሁሉም ቃል ግን አልሞተም። «ወይዘሮ» በአንድ ወቅት የትልቅ ቤት ሴት ብቻ የምትጠራበት ነበር፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ናት። አንዱ ቃል ወርዶ ለሁሉም ደረሰ፣ ሌላው ወደ ታፔላ ላይ ወጥቶ ቀረ። ገባሩ ግን በስሙ ታፔላ አልተሰቀለለትም፤ የደጃዝማቹን ጦር ሲቀልብ የኖረው እሱ ነበር።

ስለዚህ በከተማችን ታፔላዎች ላይ «ደጃዝማች» የሚለውን ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ማን ሾመው? ማን ሻረው? ስሙን ምን አስቀረው? ባልቻን የሾማቸው ቤተ መንግሥት ነው፣ የሻራቸውም ቤተ መንግሥት ነው። ስማቸውን ያስቀረው ግን ሹመቱ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ፣ ማንም ሳያዝዛቸው የሠሩት ሥራ ነው።

እናንተስ? በሰፈራችሁ በደጃዝማች፣ በፊታውራሪ ወይም በራስ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት፣ መንገድ ወይም ድልድይ አለ? ስሙን ጻፉልን፣ ታሪኩን ቤት ያሉ አዛውንቶችን ጠይቃችሁ ላኩልን። በቀጣይ ከእናንተው ጥቆማ አንዱን መርጠን እንመለሳለን። ቸር ያሰማን!