በሰባት ዓመት የምትበልጠው እናት

ሲድኒ ፖይቲየርን የማያውቅ ፊልም ወዳድ አለ ብለን አናምንም። እናቱን ሆና የሠራችውን ሴት ስም ጥሩ ብንባል ግን ብዙዎቻችን ፀጥ እንላለን። ቢያ ሪቻርድስ ትባላለች። ፖይቲየር የተወለደው በ1927 ነው፤ እሷ በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት!

እሷ ግን ለምዳዋለች። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ ውስጥ «ቴክ ኤ ጃያንት ስቴፕ» በተባለው ተውኔት የ84 ዓመት አያት ሆና ስትጫወት ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበረች። ያኔ ሆሊውድ ጥቁር ሴትን አብዛኛውን ጊዜ ወይ የቤት ሠራተኛ ያደርጋታል፣ ወይ እናት። የፍቅር ታሪክ ማን ጽፎላት?

እኛን የሚገርመን በዚያች ጠባብ ቦታ የሠራችው ሥራ ነው። በ1967 የወጣውን «ገስ ሁዝ ከሚንግ ቱ ዲነር» ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ጥቁር ሐኪምና ነጭ ወጣት ሊጋቡ ነው፤ አባቶቹ ግን እሺ አላሉም። የሐኪሙ እናት ከልጅቷ አባት ከስፔንሰር ትሬሲ ጋር ለብቻዋ ቆማ፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ ወንዶች ሲያረጁ ፍቅር ምን እንደነበር ይረሳሉ ትለዋለች። ሰውዬው የሚሸነፈው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሙን የሚዘጋው ረጅም ንግግሩም ለእሷ የተሰጠ መልስ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቷት ታሪኩን ያዞረችው እሷ ናት ብንል አላጋነንም።

ለኦስካር በረዳት ተዋናይትነት ታጨች። በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያ ምክንያት በሁለት ቀን ተራዝሞ ሚያዝያ 1968 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ሽልማቱን የወሰደችው ግን የ«ቦኒ ኤንድ ክላይድ»ዋ ኤስቴል ፓርሰንስ ናት።

ከዚያ ወዲያስ? የመሪ ተዋናይት ሚና ተንጋግቶ አልመጣላትም። ቴሌቪዥን ግን አልተዋትም። በ1988 በ«ፍራንክስ ፕሌስ» ኤሚ ተሸለመች፤ በ1990ዎቹ በ«ኢ.አር.» እንደገና የሐኪም እናት ሆነች (ይሄኛው ዶክተር ቤንተን ነው)። በ2000 «ዘ ፕራክቲስ» ሁለተኛውን ኤሚ አስገኘላት፤ በዚያው ዓመት መስከረም፣ በተወለደችበት በቪክስበርግ፣ ሚሲሲፒ፣ በ80 ዓመቷ አረፈች።

ግጥምም ትጽፍ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1951 ቺካጎ በተደረገ የሰላም ጉባዔ ላይ ለነጭ ሴቶች ፊት ለፊት የሚናገር ግጥሟን አንብባለች። ከዚያ ግጥም ርዕሱን የወሰደውን ዘጋቢ ፊልም በ2003 ያወጣችው፣ «ቢላቭድ» ላይ አብራት የተጫወተችው ሊሳጌይ ሃሚልተን ናት። ቢያን በሕይወቷ ማብቂያ ላይ እያነጋገረች ነው የቀረጸችው። እስቲ ፈልጋችሁ እዩት።