ጣና ላይ ለምን የበረራ ክለብ የለም?

ዛሬ ስለ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላውራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጆቹን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።

በሌላው ዓለም የበረራ ክለብ የሚባል ነገር አለ። አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ይገዛሉ። እሑድ ጠዋት አየሩ ጥሩ ከሆነ አምስት ስድስት ሆነው ተከታትለው ይነሳሉ፣ አንድ ከተማ ወርደው ምሳ ይበላሉ፣ ሳይመሽ ይመለሳሉ። እኛ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ጢስ ዓባይ ደርሰን እንደምንመለሰው ማለት ነው። ይሄ የአውሮፓ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ፣ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የበረራ ክለብ በፈረንጆቹ 1927 የተቋቋመ ነው።

የእኛስ? የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው፤ በፈረንጆቹ 1929 መሆኑ ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን ሲሆን አብራሪው አንድሬ ማዬ ይባላል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ታዲያ እነሱ ክለብ ሲኖራቸው እኛ ለምን ሳይኖረን ቀረ?

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ አውሮፕላኑ በማን እጅ ገባ የሚለው ላይ ነው። ኬንያ የገባው በነጭ ሰፋሪዎች እጅ ነበር። ክለቡም የእነሱ መዝናኛ ነበር፤ የአገሩ ባለቤት መሪውን የጨበጠው ስንት ዘመን ቆይቶ ነው። እኛ ጋ የገባው ግን በመንግሥት እጅ ነው። ለሽርሽር ሳይሆን ለአገር አቅም ተብሎ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ሠልጥነው አብራሪ ሆኑ። ሙሉእመቤት እምሩም ሴት ሆና በዚያ ዘመን አብራሪነት ተማረች። ስለዚህ ክለብ አልነበረንም ብለን ብቻ የምንቆጭበት ታሪክ አይደለም። አብራሪ ነበረን'ኮ!

ከዚያ 1928 መጣ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፣ ተከዜ ላይ በሠራዊታችን ላይ መርዝ ጣሉ። የሚገርመው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር እዚሁ አገር ውስጥ የሠራት ናት፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በአየር የቆየችው ሠላሳ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ወራሪው ወሰዳት። ከሮም ብዙም በማይርቀው በብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ቆማ ኖረች። ሐይቅ ዳርስ ደርሳ ነበር፤ የእኛ ሐይቅ አልሆነም እንጂ። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ነው።

ይህን ታሪክ የያዘ ሰው በኅዳር 2009 ጋምቤላ ላይ የሆነውን ለመረዳት አይቸገርም። ከግሪኳ ቀርጤስ ደሴት ተነስተው ወደ ኬፕታውን የሚጓዙ፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (በፈረንጆቹ) የተሠሩ አሮጌ አውሮፕላኖችን የሚያበርሩ ሰዎች ከሱዳን ተሻግረው ጋምቤላ አረፉ። ከአርባ በላይ ነበሩ። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያለ ፈቃድ ገብተዋል አለ፤ ሰዎቹም አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ታግተው ከረሙና ከቀናት በኋላ ተለቀቁ። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነበር። እነሱ ሽርሽር ላይ ነበሩ፤ እኛ ደግሞ ሰማያችንን እየጠበቅን። ሰማይ ለእኛ የሽርሽር ቦታ ሆኖ አያውቅማ! ወይ ቦምብ ይመጣበታል፣ ወይ ዘመድ ተሰድዶ ይሄድበታል። ዛሬም ቢሆን የሞተር ድምፅ ሰምቶ ቀና የሚል ሰው ሁሉ ደስ ብሎት አይደለም።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሌላ ሐዘን አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ብዙም ሳይርቅ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ፤ ርግቦቹ ሞተሮቹ ውስጥ ገቡ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ነፍስ ይማር። ግዙፍ ጄት እንኳ በርግብ ይወድቃል። ጣና የወፍ አገር ነው፤ በዚህ ሰማይ ላይ የሚበርር ሰው ወፎቹ መቼና በየት እንደሚያልፉ የሚያውቅ የአገሩ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሐይቁ ያለበት ከፍታም 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ሞተር ከጉልበቱ አምስት አንድ እጁን ያህል ያጣል፤ ለዚህም ነው ብርድ ባለበት ማለዳ መነሳት የሚሻለው።

ታዲያ ክለብ ምን ያደርግልናል? ሽርሽር ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። እምቦጭን አስቡት። በጀልባ ስንሄድ የምናየው ዳር ዳሩን ነው፤ በሰማይ ያለ ሰው ግን ከጎርጎራ እስከ ዘጌ ዞሮ የት እንደተስፋፋ፣ የት እንደቀነሰ በአንድ ቀን ያያል። ሳተላይት አለ ትሉኝ ይሆናል። ክረምት ላይ ደመናው ሐይቁን ሲሸፍነው የሳተላይት ፎቶ ደመና ብቻ ነው፤ ትንሿ አውሮፕላን ግን ከደመናው በታች ትበርራለች።

ከሁሉ በላይ ግን የማስበው ልጆቹን ነው። ዛሬ አብራሪ መሆን የሚፈልግ የባሕር ዳር ልጅ ዋናው መንገዱ ይህ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ፈተና አልፎ፣ ተቀጥሮ። በዚህ መንገድ አፍሪካን የሚያኮራ አየር መንገድ ገንብተናል፣ አልክድም። ግን ተቀጣሪ ሳይሆን፣ የራሱን ሐይቅ ከላይ አይቶ ደቅንና ዳጋን በጣቱ ቆጥሮ የሚመለስ ልጅ የለንም። አገሩን ከላይ ሲያየው የኖረው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጠላት ነው፣ ወይ መንግሥት ነው።

ሰላሙ ይቅደም፣ ይሄ ግልጽ ነው። ሰላም ሲሆን ግን የመጀመሪያዋ የጣና ትንሽ አውሮፕላን ስሟ «ፀሐይ» ቢሆን ደስ ይለኛል።