ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ በሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው የኢትዮጵያ ፓርላማ አባል የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ፣ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም ነው። በስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈዋል፤ ተይዘውም ወደ ጣሊያን ተወስደው በአዚናራ ደሴት ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በርዕሰ መምህርትነት መርተዋል።

ቀደም ሲል የሕዝብ እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንትና የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ሴቶችንም ጨምሮ ለሕዝቡ የመምረጥ መብት ሰጠ። ወይዘሮ ስንዱ በ1950 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በሕግ መምሪያ ምክር ቤትም እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሱ። ኋላም በጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። በ2001 ዓ.ም በ93 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ዛሬ በቆሰበርና በዙሪያዋ ቀበሌዎች የሚኖሩ የ75 ዓመት እናት ሲወለዱ፣ ሴት ልጅ እንደራሴ መምረጥም መመረጥም አትችልም ነበር። መብቱን ሕግ ጻፈው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው በሥራ ያሳዩት ግን ወይዘሮ ስንዱ ናቸው።