መሪጌታው ደቀ መዝሙር ሲሆን

ድጓን በአገሩ የተማረና በገጠር ደብር መሪጌታ ተብሎ ጥቂት ተማሪዎችን በዙሪያው የሰበሰበ ሰው፣ ዜማውን ለማስመስከር ጋይንት ወርዶ ከቤተልሔም ጉባኤ ሲገባ፣ ማዕረጉን ከደጅ ትቶ እንደ ማንኛውም ደቀ መዝሙር ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ወደ ደብሩ ሲመለስም የሚመራው ያንኑ የራሱን ጉባኤ ነው። ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ባየሁ ቍጥር ይህ ሥርዓት ትዝ ይለኛል።

አገሪቱ ከጠላት እጅ ወጥታ ገና ሳትጠገን፣ በዓለም የታወቁት ኩባንያዎች አዲስ አበባን ከመዳረሻቸው አንዷ አድርገው ቢቈጥሯት ብዙዎች ይበቃናል ባሉ ነበር። መንግሥት ግን ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ ካፒታሉ 2.5 ሚሊዮን ብር፣ አክሲዮኑም ሁሉ የመንግሥት የሆነ የራሱን አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. አቋቋመ። ከጦርነቱ የተረፉ አምስት የዳግላስ አውሮፕላኖች ተገዙ፤ መንገደኛው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፣ ጭነቱም በመካከል ይደረደር ነበር። መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሒሳብ ያዡም፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። ይህን እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን የመሥራቾቹን ትልቅ ማስተዋል የማየው በዚህ ነው፤ ስሙንና ንብረቱን ለራሳቸው አስቀርተው፣ ለጊዜው የሰጡት ወንበሩን ብቻ ነበርና።

ወንበሩም በየተራ ተመለሰ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዳግላሱን ለብቻቸው አብርረው ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። የልደታው የአውሮፕላን ሜዳ ለጄት አጭር ሆኖ ስለተገኘ በቦሌ አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ገባ፣ በጥርም ወደ ናይሮቢ በረረ። እንደ አውሮፓውያን በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተባሉ። ሩብ ምዕት ዓመት የፈጀ ደቀ መዝሙርነት ነው! የሚማር ትዕግሥት የታየበት፣ የሚያዝ ሥልጣን ያልቸኰለበት ዘመን ስለሆነ፣ ከጠቅላላው ታሪክ እኔ አብልጬ የማከብረው ይህን ክፍል ነው።

በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. አየር መንገዱ ስታር አልያንስ የተባለውን የታላላቆች ማኅበር ሲቀላቀል፣ በዚያ ካሉት ብዙዎቹ በሀብትም በአውሮፕላን ብዛትም ይበልጡት ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ግድም ቀድሞ ግን፣ በጥር 2002 ዓ.ም.፣ በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ አስካይ የተባለ ትንሽ አየር መንገድ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ድርሻ ይዞ፣ ባለሙያ ልኮ ያቀናው ያው የቦሌው ነው። ዛሬም ከማረፊያው አጠገብ ባለው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች ከኢትዮጵያውያን መምህራን ፊት ተቀምጠው ይማራሉ።