ስለ ወባ መድኃኒት አሠራር ታሪክ

የራያና የቆቦ ሜዳ በማሽላው የታወቀ ነው፤ በወባውም እንዲሁ። ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው በሚያሸትበት ወራት፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር፥ ያቆረው ውሃ ትንኝ ያፈራና ንዳድ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ፌጦ በሎሚ ያልቀመሰ በመካከላችን የለም፤ ወባን ያስለቀቀን ግን ኪኒኑ ነው። ስለዚህ የኪኒኑን ታሪክ ልንጽፍ ተነሣን። (ዓመቶቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የነበረው የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ልጥ ነው። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ከልጡ ኪኒንን ለይተው አወጡ። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ተማሪ ይህንኑ በላቦራቶሪ ለመሥራት ሞከረ፤ ዕድሜው 18፥ ይኸውም የእኛው ዕድሜ ነበር። ያገኘው ግን ሐምራዊ ቀለም ሆነ፤ በቀለሙም ባለጸጋ ሆነ። እኛ በኬሚስትሪ ክፍል ያበላሸነው ሁሉ እስካሁን ያመጣልን የመምህራችንን ቁጣ ብቻ ነው።

በኪኒን ውስጥ ኪኖሊን የሚባል የሁለት ቀለበት ቅርጽ አለ። በ1880 ስክራውፕ የተባለ የኦስትሪያ ሰው አኒሊንንና ግሊሴሮልን ከብርቱ የሰልፈር አሲድ ጋር አፍልቶ ይህን ቀለበት ሠራ። ዘዴው ከዕቃው ገንፍሎ እስኪወጣ ድረስ ኀይለኛ ነው። በ1934 በጀርመን አገር የተሠራው ክሎሮኪንም ይኸው ቀለበት አለው።

በ1958 በኢትዮጵያ ወረርሽኝ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ የሞተውም 150,000 ያህል ነው ተብሎ ተገምቷል። በ1950ዎቹ የወባ መቆጣጠሪያ ሙከራ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ቆቦና ጨርጨር ነበር፤ በ1959ም የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ነገር ግን ጀርሙ ክሎሮኪንን ለመደው። ስለዚህ ለብርቱው ወባ በ1998 ሌላ መድኃኒት፥ በ2004 ደግሞ ከቻይና ቅጠል የመጣው አርቴሚሲኒን ያለበት ድብልቅ ተተካ። አሁን በሰሜን ኢትዮጵያ ይህንንም በከፊል የሚቋቋም ጀርም ታይቷል። እንግዲህ ኬሚስቶች አዳዲስ ቅርጾችን በብዛት ሠርተው መፈተን አለባቸው፤ በስክራውፕ አሲድ ይህ አድካሚ ነው።

መላው የመጣው ከወጥ ቤት ነው። በ1945 ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ በራዳር መሣሪያ አጠገብ ሲሠራ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠበት፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም ከዚህ ተወለደ። በ1986 በካናዳና በአሜሪካ ያሉ ኬሚስቶች በዚህ ምድጃ ቢሞክሩ የሰዓታት ሥራ በደቂቃ አለቀ፤ ሞገዱ ዕቃውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ፈሳሽ በቀጥታ ያሞቃልና። ከዚያ ወዲህ በብርቱው አሲድ ፈንታ ጥቂት አዮዲን ወይም የታከመ ሸክላ በካታሊስትነት ገብቶ ኪኖሊን ተሠርቷል። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን ነው፤ የእናቶቻችንን እርሾ ይመስላል፥ ምንም እንኳ እርሾ ሕያው ቢሆን። ሸክላውም ተጣርቶ እንደገና ያገለግላል።

ዳሩ ግን ሞገዱ ፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ስለሚዘልቅ፥ በትንሽ ብልቃጥ በደቂቃ የሚደርሰው በበርሜል እንዲሁ አይሆንም። በዚህ ምክንያት ፈሳሹን በቀጭን ቧንቧ እያሳለፉ ማሞቅ ተጀምሯል።