ከመዳን በኋላ ያለው ጥያቄ፦ የማህፀንና የማህፀን በር ካንሰር የታከሙ ሴቶች ወሲባዊ ጤና እንዴት መለካት እንደ ጀመረ



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ የማህፀን በር፥ የማህፀን ወይም የእንቁላል እጢ ካንሰር ታክማ የዳነች ሴት በወሲባዊ ሕይወቷ ምን ተለወጠባት? ሕክምናው ይህን በሥርዓት መጠየቅ የጀመረው በሽታውን ማከም ከጀመረ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ለምን ዘገየ? በመጨረሻ ሲጠየቅስ በምን መስፈሪያ ተጠየቀ? ንግግሬ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ያተኩራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1898 በሁለት የአውሮፓ ከተሞች ሁለት ነገሮች ሆኑ። በቪየና ኤርንስት ቬርትሃይም የማህፀን በር ካንሰርን ለማከም፥ ማህፀንን በዙሪያው ካለው ሕብረ ሕዋስና ከብልት የላይኛው ክፍል ጋር የሚያወጣውን ሰፊ ቀዶ ጥገና ጀመረ። በፓሪስ ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ብዙ ዓመት ሳይቆይም ራዲየም ወደ ሴቶች ሕክምና ገባ። ቀዶ ጥገናና ጨረር ከዚያ ወዲህ የዚህ ሕክምና ሁለት ምሰሶዎች ሆኑ። ሁለቱም የብዙ ሴቶችን ሕይወት አትርፈዋል፤ ሁለቱም ያተረፉትን አካል ለውጠዋል። ቀዶ ጥገናው ብልትን ያሳጥራል፤ ወደ ፊኛና ወደ ብልት የሚሄዱ ነርቮችንም ሊጎዳ ይችላል። ጨረር ደግሞ ጉዳቱን ወዲያው አያሳይም፤ በወራትና በዓመታት ውስጥ ሕብረ ሕዋሱን በጠባሳ ያጠነክረዋል፥ ያጠብበዋል፥ ያደርቀዋል። የእንቁላል እጢዎች ሲወጡ ወይም በጨረር ምክንያት ሥራቸውን ሲያቆሙ፥ ገና ወጣት የሆነች ሴት በድንገት ወደ ማረጥ ትገባለች።

ከሕክምናው ጋር መዝገቡም ተወለደ። የውጤት መለኪያው ከሕክምና በኋላ አምስት ዓመት በሕይወት መቆየት ሆነ። የመንግሥታት ማኅበር የጤና ክፍል የማህፀን በር ካንሰርን የጨረር ሕክምና ውጤት ከየአገሩ እየሰበሰበ በ1937 የመጀመሪያውን ዓመታዊ ዘገባ ሲያወጣ፥ የቆጠረው ይህንኑ ነበር። በዚያ ዘገባ አንዲት ሴት ወይ በሕይወት አለች፥ ወይ የለችም። ይህን ስል ያን ትውልድ ለመውቀስ አይደለም። በቬርትሃይም የመጀመሪያ ዓመታት ብዙ ሴቶች ከቀዶ ጥገናው ሳይነሡ ይሞቱ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ዘመን ከሁሉ አስቀድሞ ነፍስ መቁጠር ተገቢ ነው። ታሪክ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ሴቶች በብዛት መዳን ከጀመሩ በኋላስ መዝገቡ ለምን ሳይሰፋ ቆየ?

በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዴቪድ ካርኖፍስኪና ባልደረቦቹ የካንሰር ሕሙማንን አቅም ከ0 እስከ 100 የሚመዝን መለኪያ አወጡ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከሞትና ከሕይወት መካከል ያለውን ሰፊ ስፍራ ማየት ጀምሯልና። የመዘነው ግን ሥራ መሥራትን፥ ራስን መንከባከብንና የሌላ ሰው እርዳታ መፈለግን ነው። ስለ ትዳርም ሆነ ስለ ወሲብ አልጠየቀም።

በዚያው ዘመን፥ በ1951፥ ሄንሪዬታ ላክስ በባልቲሞር ለማህፀን በር ካንሰር በራዲየምና በጨረር ታከመች። ዓለም የሚያውቃት ያለ ፈቃዷ ተወስደው እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራ በሚራቡት ሕዋሶቿ ነው። እኔ የማነሣው ሌላውን ነው። ከሕክምናው በኋላ ልጅ መውለድ እንደማትችል ሲነገራት፥ ይህን አስቀድሞ ቢነግሯት ኖሮ ሕክምናውን ባልተቀበለች እንደ ነበር መናገሯ በሕክምና መዝገቧ ሰፍሯል። ይህች አጭር ማስታወሻ ብዙ ትነግረናለች። ሴቲቱ የምትለው ነበራት፤ አልጠየቋትም እንጂ።

ጥያቄውን በሳይንስ ቋንቋ ማንሣት የተቻለው ቀስ በቀስ ነው። አልፍሬድ ኪንሲ ስለ ሴቶች ወሲባዊ ባሕርይ ያጠናው በ1953 ታተመ፤ ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን በ1966 የሰውነትን ወሲባዊ ምላሽ በደረጃ ከፋፍለው ገለጡ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1975 ባወጣው ዘገባ ወሲባዊ ጤናን ራሱን የቻለ የጤና ጉዳይ አድርጎ ተረጐመ። እነዚህ ሥራዎች ቃላትን ሰጡ። የተጠኑት ግን በአመዛኙ ጤነኞች ነበሩ፤ ቃላቱ ወደ ካንሰር ክፍል ለመግባት ተጨማሪ ጊዜ ወሰደባቸው።

1989 በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ዓመት ነው። ባርባራ አንደርሰን በአሜሪካ ያሳተመችው ጥናት ሴቶችን ከሕክምናው በፊት ጀምሮ ተከታተለ፤ ካንሰር የያዛቸውን፥ ካንሰር ባልሆነ የማህፀን ሕመም ከታከሙትና ከጤነኞች ጋር አነጻጸረ። ንጽጽሩ ወሳኝ ነበር፤ ያለ እርሱ አንድ ሐኪም የሰማውን ቅሬታ ሁሉ በዕድሜ ወይም በጭንቀት ማሳበብ ይችል ነበርና። በዚያው ዓመት ሌስሊ ሾቨርና ባልደረቦቿ በማህፀን በር ካንሰር በቀዶ ጥገና የታከሙትንና ጨረር የተሰጣቸውን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። በስድስተኛው ወር ሁለቱ ወገኖች ይቀራረቡ ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን ጨረር በተሰጣቸው ላይ በሩካቤ ጊዜ የሚሰማ ሕመም ጎልቶ ታየ፤ ፍላጎታቸውም ቀነሰ። ስለዚህ ምን ብለን እንደምንጠይቅ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደምንጠይቅም መልሱን ይወስነዋል። በስድስተኛው ወር ጠይቆ መዝገቡን የዘጋ ሐኪም ጉዳት የለም ብሎ በቅን ልብ ይጽፋል።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1999፥ ካሪን ቤርግማርክና ባልደረቦቿ በስዊድን ያካሄዱት ጥናት ታተመ። የማህፀን በር ካንሰር ታክመው ለነበሩ 332 ሴቶችና በሽታው ላልነበረባቸው 489 ሴቶች ስም የማይጻፍበት መጠይቅ በፖስታ ተላከ። ከታከሙት 256፥ ከሌሎቹ 350 መለሱ። የብልት እርጥበት ማነስን ከታከሙት 26 በመቶ፥ ከሌሎቹ 11 በመቶ ተናገሩ፤ የብልት ማጠርን ከታከሙት 26 በመቶ፥ ከሌሎቹ 3 በመቶ። አጥኚዎቹ ለውጡ መኖሩን ጠይቀው አላበቁም፤ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅም ጠየቁ። ለውጡ በመጠኑ ወይም በብዙ ያስጨንቀናል ያሉት ከታከሙት 26 በመቶ፥ ከሌሎቹ 8 በመቶ ነበሩ።

በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የመላሾቹ ብዛት ነው። ከታከሙት ሴቶች 77 በመቶ፥ ከሌሎቹ 72 በመቶ ያህል መልስ ሰጥተዋል። ሴቶች ስለዚህ ነገር መናገር ያፍራሉ የሚለው የቆየ ማመካኛ እዚህ ላይ ይናጋል። ባለ ጉዳዮቹ ከጤነኞቹ ባላነሰ ቁጥር መልሰዋል። በ2007 በአሜሪካ የወጣው የስቴሲ ሊንዳውና የባልደረቦቿ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል፦ በብልትና በማህፀን በር ካንሰር ታክመው ረጅም ዘመን ከኖሩት ሴቶች 74 በመቶው ሐኪሞች ጉዳዩን ዘወትር ማንሣት አለባቸው ሲሉ፥ 62 በመቶው ግን ሐኪም ጀምሮላቸው እንዲህ ያለ ውይይት አድርገው እንደማያውቁ ተናግረዋል። እንግዲህ ዝምታው በአመዛኙ የጠያቂው ነበር። የአሜሪካ የክሊኒካዊ ኦንኮሎጂ ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ ውይይቱን የሚጀምረው የጤና ባለሙያው እንዲሆን የመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መስፈሪያው ልለፍ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሠራበት በ2000 የታተመው የሴቶች ወሲባዊ ተግባር መጠይቅ ነው። 19 ጥያቄዎች አሉት፤ ፍላጎትን፥ መነቃቃትን፥ እርጥበትን፥ የስሜት ጫፍ ላይ መድረስን፥ እርካታንና ሕመምን ይመዝናል። ከፍተኛው ነጥብ 36 ነው። የመጠይቁ ዋና አዘጋጅ ሬይመንድ ሮዘን፥ ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ከወንዶች የብልት መቆም መድኃኒት ሙከራ ጋር ተያይዞ የወጣውን የወንዶች መጠይቅ ያዘጋጀው ሰው ነው። ይህን የዘር ሐረግ ልብ በሉ። መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፉት አራት ሳምንታት ነው፤ በአብዛኞቹ ጥያቄዎችም በዚያ ጊዜ ምንም ወሲባዊ ድርጊት ያልፈጸመች ሴት ዜሮ ታገኛለች። መድኃኒት ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለሚል ጥናት ይህ ያስኬዳል። ባሏ ለሞተባት፥ በሕመሟ ምክንያት ለተተወች፥ ወይም ገና ከሕክምና ለተነሣች ሴት ግን ዜሮው ምን ማለት ነው? አለመፈጸምን ከአለመቻል ጋር አንድ ያደርጋል። በአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ሥር በ2006 የወጣው፥ 24 ጥያቄዎች ያሉት የማህፀን በር ካንሰር መጠይቅ የተዘጋጀው ለታካሚዎቹ ራሳቸው ነው፤ እርሱም ቢሆን ከትርጉም ፈተና አያመልጥም።

ይህ ወደ አገራችን ያመጣናል። በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ለረጅም ዘመን በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና ማእከል የነበረው አንድ ብቻ፥ እርሱም አዲስ አበባ ነበር። ከሩቅ መጥታ ጨረር የወሰደች ሴት ወደ ቀዬዋ ትመለሳለች፤ የሾቨር ጥናት እንዳሳየው ግን ጉዳቱ ጎልቶ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ልንጠይቃት በሚገባን ጊዜ እርሷ ከፊታችን የለችም።

ፊት ለፊት ብንገናኝ እንኳ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። «ግንኙነታችሁ እንዴት ነው?» ብንላት፥ «ሰላም ነን፥ ተመስገን» ልትለን ትችላለች፤ ስለ ፍቅራቸው የተጠየቀች መስሏት። «ማህፀን» ስትል ደግሞ አንዳንዴ ብልትንም ጭምር በጨዋ ቃል መሸፈኗ ነው፤ የሕመሙ ስፍራ በመዝገቡ ላይ ይዛነፋል። የአራት ሳምንቱን ስሌት ተመልከቱ፦ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በጾሙ ከሩካቤ የሚታቀቡ ባልና ሚስት በመጋቢት ቢጠየቁ፥ የሃይማኖት ሥርዓታቸው በመጠይቁ ላይ እንደ ሕመም ይመዘገባል። ይህን ለመከላከል አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቀኑን መመልከትና «አልፈጸምንም» ያለችን ሴት ምክንያቱን መጠየቅ ይበቃል።

ውድ ተማሪዎች፥ የምትወርሱት መዝገብ መጀመሪያ ሕይወትንና ሞትን፥ ቀጥሎ አቅምን፥ በኋላም የሰውነትን ለውጥ፥ በመጨረሻም ለውጡ ለባለቤቲቱ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ እየጨመረ የሰፋ ነው። እያንዳንዱ መስፋት የመጣው አንድ ሰው ቀድሞ ያልተጠየቀውን በመጠየቁ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደየሆስፒታሉ ስትሰማሩ ከሕክምናው በፊት ለውጡን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ስትመለስ እናንተው ጀምራችሁ ጠይቋት፤ ዓመት ሲሞላም ደግማችሁ ጠይቋት። ቃሉን ከእርሷ ተቀበሉ፥ መልሷንም እንዳለችው ጻፉ።