ዶሮዋን ያዩ ተመልካቾች

ኢንተርን ሆኜ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለልምምድ በተላክሁበት ጊዜ፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምር ቪዲዮ እናሳይ ነበር። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ቧንቧ ከፍታ እጇን በሳሙና ታሻለች፤ መዳፏን፣ የጣቶቿን መሀል፣ ጥፍሮቿን፣ እስከ ክርኗ ድረስ። ቧንቧው አንዴ ከተከፈተ እስከ መጨረሻው አይዘጋም። ቪዲዮው ሲያልቅ እንደ ደንቡ "እናቶች፣ ምን ተማራችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት "ልጄ፣ ያን ሁሉ ውሃ ማን ቀድቶላት ነው እንዲህ የምታፈሰው?" አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ሪፖርት ስሞላ "የተመልካቾች የመረዳት ደረጃ ዝቅተኛ" ብዬ ጻፍኩ።

ያንን ሪፖርት ከጻፍኩ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። መረዳት ያቃታት እኔ እንደነበርኩ የገባኝ ግን ስለ ድሮ ትምህርታዊ ፊልሞች ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ለዘንድሮው መጽሔታችን ጽሑፍ እንዳቀርብ ስጠየቅም ከዚህ የተሻለ ነገር አልታየኝም። ምክንያቱም አብዛኞቻችን የተመረቅነው ለማከም ብቻ ሳይሆን ለማስተማርም ነው። የማስተማር ታሪክ ደግሞ የስሕተትም ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። በድሮ ጊዜ በሲኒማ ቤቶች የሚታየው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ናይትሬት ስለነበር በቀላሉ እሳት ይይዝ ነበር። ኮዳክ በ1923 ለገበያ ያቀረበው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ግን እንደዚያ የማይቀጣጠል አሴቴት ነበር። ፕሮጀክተሩም አነስ ያለ፣ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ዓይነት ነው። በዚህ ምክንያት ፊልም ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ወደ መማሪያ ክፍል፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ጄኔሬተር በጫነ መኪና ደግሞ እስከ ገጠር መንደር ድረስ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በፊልም ሠለጠኑ። ዋልት ዲዝኒ ሳይቀር በ1943 ለላቲን አሜሪካ ተመልካቾች ስለ ወባ ትንኝ አጭር ፊልም ሠርቷል፤ በሱ ውስጥ ሰባቱ ድንክዬዎች የታቆረ ውሃ ሲያፋስሱና መድኃኒት ሲረጩ ይታያሉ። ከጦርነቱ በኋላ "ፊልም ካለ ሁሉንም ሰው ሁሉንም ነገር ማስተማር ይቻላል" የሚል እምነት በየአገሩ ተስፋፋ።

የእንግሊዝ መንግሥት በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ይህን እምነት በራሱ መንገድ ሥራ ላይ አዋለው። ዊልያም ሴለርስ ናይጄሪያ ውስጥ የጤና ሠራተኛ ነበር። በ1920ዎቹ ሌጎስ ከተማ በአይጥ ቁንጫ በሚተላለፈው የወረርሽኝ በሽታ ስትመታ ሕዝቡን በፊልም ማስተማር ጀመረ። በ1939 "የቅኝ ግዛቶች ፊልም ክፍል" የተባለው መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ኃላፊው እሱ ሆነ። ሴለርስ አንድ ንድፈ ሐሳብ ነበረው፤ ፊደል ያልቆጠረ አፍሪካዊ የፊልም ቋንቋ አይገባውም የሚል። ስለዚህ ፊልሙ ቀርፋፋ መሆን አለበት፤ ከአንድ ትዕይንት ወደ ሌላው መዝለል የለበትም፤ ካሜራው ብዙ መንቀሳቀስ የለበትም። ለዚህም እንደ ማስረጃ ይጠቀስ የነበረው ቀልድ መሰል ወሬ ነው። አጉልቶ የተነሣ የወባ ትንኝ ያዩ መንደርተኞች "የኛ አገር ትንኞች ትንንሽ ናቸው፣ እንዲህ ዓይነት ግዙፍ እኛ ዘንድ የለም" አሉ ይባላል። ይህ ወሬ በየአገሩ፣ በየመንደሩ እየተቀያየረ ሲነገር ኖሯል።

ከሁሉም የታወቀው ግን የዶሮዋ ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጆን ዊልሰን የተባለ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጻፈው፤ ካናዳዊው ማርሻል ማክሉሃን ደግሞ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ጠቅሶ በዓለም አዳረሰው። አንድ የጽዳት ተቆጣጣሪ በአንድ የአፍሪካ መንደር የታቆረ ውሃን እንዴት ማስወገድ እንደሚቻል የሚያሳይ ፊልም ያዘጋጃል። ፊልሙ የሴለርስን ምክር የተከተለ ነው። ሠራተኛው በጣም ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፣ ባዶ ቆርቆሮውን ቀስ ብሎ ያነሣል፣ ውሃውን ቀስ ብሎ ይደፋል። አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያ ሠላሳ ለሚሆኑ ተመልካቾች ታየና ምን እንዳዩ ተጠየቁ። "ዶሮ አየን" አሉ። አዘጋጆቹ ግራ ገባቸው፤ ፊልሙ ውስጥ ዶሮ መኖሩን እነሱ ራሳቸው አያውቁም ነበር። ፊልሙን እያንዳንዱን ምስል ነጥለው ሲመረምሩ፣ እውነትም አንዲት ዶሮ ደንግጣ በስክሪኑ ጥግ ለአንድ ሰከንድ ያህል ስትበር ተገኘች።

ዊልሰን ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ተመልካቾቹ ምስሉን በሙሉ የማየት ልምድ እንደሌላቸውና ጥቃቅኑን ብቻ እንደሚለቅሙ ነው። የኋላ ዘመን የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ይህን ድምዳሜ አልተቀበሉም፤ ታሪኩ ስለ አፍሪካውያን ዓይን ሳይሆን ስለ ቅኝ ገዥዎቹ ግምት የሚነግረን ይበልጣል ብለዋል። እኔም እንደ ሐኪም ሳየው ይሄን እላለሁ። ከፊት ለፊታቸው አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ሙሉ ማንም በማይሠራበት ፍጥነት ቆርቆሮ ሲያነሣ፣ በዚያ ሁሉ መሀል በተፈጥሮዋ የተንቀሳቀሰችው ብቸኛ ነገር ዶሮዋ ናት። የሚያውቁትን ሕይወት አዩ። አዘጋጆቹ ደግሞ የገዛ ፊልማቸው ውስጥ ያለችውን ዶሮ አላዩም። ታዲያ ማየት ያልቻለው ማነው?

ይህን ሳነብ ከኋላ የተቀመጡት እናት ትዝ አሉኝ። ውሃ ከሩቅ በጀሪካን በጀርባ በሚመጣበት አገር፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ የሚፈስ ቧንቧ ከሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። እኔ ግን ቧንቧውን አላየሁትም።

በዚያው ዘመን ከዚህ በተቃራኒ የተሠራ ፊልም ነበር ወይ? ነበር። ለዚያውም የሕክምና ፊልም ነው፤ ያውም ስለ ወሊድ። በእንግሊዝኛ "ኦል ማይ ቤቢስ" ይባላል፤ "ልጆቼ ሁሉ" ልንለው እንችላለን። የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ጤና መምሪያ የልምድ አዋላጆችን ለማሠልጠን አዝዞት በ1953 ለሥልጠና የበቃ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ፊልም ነው። በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የዘር መድልዎ ሕግ በሥራ ላይ ነበር። ለብዙ ጥቁር እናቶች የሆስፒታል በር ዝግ ነበር፤ ወይም አቅማቸው አይፈቅድም፣ ወይም ሐኪም በአቅራቢያው የለም። የሚያዋልዷቸው "አያት አዋላጆች" የሚባሉት ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ጤና መምሪያው እነዚህን ሴቶች ይመዘግባል፣ ያሠለጥናል፣ ቦርሳቸውን ይፈትሻል።

ፊልሙን የሠራው ጆርጅ ስቶኒ የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ ነጭ ነው። መምሪያው ፊልሙ ሊያስተምራቸው የሚገቡ ነጥቦችን ዝርዝር ሰጠው፤ እጅ አስተጣጠብ፣ መቀስ መቀቀል፣ እትብት አቆራረጥ፣ የሕፃኑ ዓይን ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ማድረግ፣ ሐኪም መቼ እንደሚጠራ፣ ሌላም ሌላም። ስቶኒ ዝርዝሩን በተዋናይ ሊያስነብበው ይችል ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ አዋላጆችን ፍለጋ ወጣ፤ በአልባኒ ከተማም ሜሪ ኮሊን አገኘ። ሜሪ ኮሊ በ1900 የተወለዱ፣ የዐሥር ልጆች እናት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባዋለዱበት ዘመናቸው ከ3,000 በላይ ሕፃናትን የተቀበሉ ሴት ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ራሳቸውን ሆነው ይታያሉ። የሚመላለሱትም በሚያውቁት ከተማ፣ ቤታቸውን በሚያውቋቸው ሰዎች መካከል ነው።

ፊልሙ በአዋላጆች ስብሰባ ይጀምራል። አንድ ሕፃን እትብቱ ተመርዞ መሞቱ ይነገራል። ተመልካች አዋላጅ ይህን ስትሰማ ወዲያው ልቧ ድንግጥ ይላል፤ "እኔ ብሆንስ?" ማለቷ አይቀርም። ከዚያ ሜሪ ኮሊን ተከትለን ሁለት እናቶች ዘንድ እንሄዳለን። አንዷ ክትትል ያደረገች፣ ቤቷን ያሰናዳች ናት። ሌላዋ ደሃ ናት፤ ክትትል አላደረገችም፣ ለመውለጃ የተሰናዳ ነገር የላትም፣ ልጇም ያለ ጊዜው ይወለዳል። ሜሪ ኮሊ ሁለተኛዋን አይቆጧትም፣ አያሳፍሯትም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ካለው ነገር ተነሥተው ይሠራሉ። ቧንቧ በሌለበት ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚፈላ፣ እጅ በምን ላይ እንደሚታጠብ ይታያል። ያቺ የኔ ቪዲዮ የዘለለችው ይሄንን ነበር።

ወሊዱም የእውነት ወሊድ ነው። ካሜራው አይሸሽም። በዚህ ምክንያት ፊልሙ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ለባለሙያዎች ብቻ የሚታይ ሆኖ ቆየ። በሙያው ውስጥ ግን ተስፋፋ፤ ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች አልፎ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል በሌሎች አገሮችም አዋላጆችን አሠልጥኗል። በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዘለቄታ እንዲጠበቁ በሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ፊልም ግን እንዲሁ አድንቄ ባልፍ አሁንም ቧንቧውን ሳላይ ቀረሁ ማለት ነው። ፊልሙን ያዘዘው መምሪያ አዋላጆቹን የሚፈልጋቸው ለጊዜው ነበር። ነጭ ዩኒፎርሙ፣ የቦርሳ ፍተሻው፣ በየጊዜው የሚታደሰው ፈቃድ፣ ሁሉም ሥልጠናም ቁጥጥርም ነበሩ። ሜሪ ኮሊ በ1966 ዐረፉ። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ሥራ የጀመረውና የደቡብ ሆስፒታሎች ገንዘቡን ለማግኘት ሲሉ በራቸውን ለጥቁሮች መክፈት የጀመሩት በዚያው ዓመት ነው። ያ ትልቅ ድል ነበር፤ ሐኪም ሆኖ በዚህ የማይደሰት የለም። ሆኖም ወሊድ ወደ ሆስፒታል ሲገባ አዋላጆቹ አብረው አልገቡም። በሚቀጥሉት ዓመታት ፈቃዳቸው እየተመለሰ፣ አዲስ ሳይተካ ሙያው ከሰመ። ቤቱን የሚያውቁት፣ ምጡ ካለፈ በኋላም ተመልሰው የሚጠይቁት ሴቶች እውቀት ወደ ሆስፒታሉ የሚገባበት መንገድ አልተበጀለትም። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ጥቁር እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ነገር ላይ አላላክክም። ግን ሐኪም አልሰማኝም የሚል አቤቱታ ከነዚህ እናቶች ሲደጋገም ሜሪ ኮሊ ትዝ ይሉኛል።

ስቶኒ በበኩሉ ከዚህ ሥራ አንድ ትምህርት ይዞ የወጣ ይመስለኛል። በ1968 ወደ ካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ሄዶ "ቻሌንጅ ፎር ቼንጅ" የተባለውን ፕሮግራም መራ። የዚያ ፕሮግራም ሐሳብ ካሜራውን ለተቸገሩት ሰዎች ራሳቸው መስጠትና ችግራቸውን በራሳቸው ዓይን እንዲያሳዩ ማድረግ ነበር። ሴለርስ "ተመልካቹ ማየት አይችልም" ብሎ ጀመረ፤ ስቶኒ ደግሞ ተመልካቹ ራሱ እንዲያሳየን አደረገ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የካሜራ ጥራት አይደለም።

እኛ አገርም የልምድ አዋላጆችን አንዴ አሠልጥነናል፣ አንዴ አቁሙ ብለናል፤ እናቶች ጤና ተቋም እንዲወልዱ የተሠራው ሥራም የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፏል፣ በዚህ አልከራከርም። ከተመረቅሁ በኋላ ግን እትብት ላይ ቅቤ የሚቀቡ አያት በገጠሙኝ ቁጥር መጀመሪያ መቆጣት ይቀናኝ ነበር። አሁን መጀመሪያ "እማማ፣ ቅቤው ለምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። እንዲለሰልስ፣ ቶሎ እንዲወድቅ ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ ንግግራችን ሌላ ይሆናል። ብዙ ጊዜም ቅቤው ይቀራል።

ለተማሪዎቻችሁ የጤና ትምህርት አሰጣጥ የምታስተምሩ መምህራን አንድ ትንሽ ነገር እንድትሞክሩ እጠይቃለሁ። ቪዲዮው ወይም ፖስተሩ ታይቶ ሲያበቃ ተማሪው "ምን ተማራችሁ?" ከማለቱ በፊት "ምን አያችሁ?" ይበል። መልሱንም ሳያርም እንዳለ ይጻፍ። ዶሮ አየን ካሉ ተመልሶ ፊልሙን ይመርምር፤ ዶሮዋ እዚያው ልትኖር ትችላለች።

የኔን ሪፖርት ብታረም ደስ ባለኝ፤ ግን አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እርማቱን እዚህ ጽፌዋለሁ። የተመልካቾች የመረዳት ደረጃ ከፍተኛ፤ ቪዲዮው ውሃ በሌለበት አካባቢ ለማሳየት አይመከርም።